ሦስተኛ ጥሪ

ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ በችሎቱ ደጃፍ፣ ዘይኑ አባ ፊጣ
ስም ሲጠራ ኖረ፤ «ከሳሽ የት አለ? ተከሳሽስ መጣ?»
ሦስት ጊዜ ነው ደንቡ፦
አንዴ ለኮሪደሩ፣ አንዴ ለግቢው ዛፍ፣
አንዴም ከአጥር ማዶ፣ ፍርድ ፈርቶ ሻይ ቤት፣ ጥግ ይዞ ለሚያርፍ።

እኔ ከደጅ ነበርኩ፣ ጃንጥላ ዘርግቼ፣
የጽሕፈት መኪናዬን ሣጥን ላይ ጎልቼ፣
በብር ከሃምሳ የሰው በደል ስመታ፤
ዝናቡ እስኪያባራ (ጅማ ነው፣ መች አባርቶ ያውቃል?)
የሱ ድምፅ ብቻ፣ ካፊያውን ሰንጥቆ፣ ሳይረጥብ ያልፋል።

አንድ ቀን የጠራው ሰው፣ ለካ ከሞተ ከርሟል።
ሚስቱ ከአግዳሚው ተነሥታ
«አቤት» አለችለት።
ጸሐፊው ሳቀ።
ዘይኑ ግን አልሳቀም፤ ቆቡን አወለቀ።

ጡረታ ወጣ። ሰዓት ሸለሙት፣ የግድግዳ፤
ከሰዓቱ ጋራ ቤቱ ገባ፣ እንደ እንግዳ።
ሚስቱ ሉባባ ነች የነገረችኝ፦
«ሌሊት ይጣራል፣ በእንቅልፉ፣
የማላውቀውን ሰው፣ ከነአባቱ።
ሦስቴ ጠርቶ ዝም።
መጡ ይሁን ቀሩ፣ እንጃላቸው፣ ሰዎቹ።»

አንድ ሐሙስ ከኸርማታ
ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይዞ ሲመለስ፣ ዝናብ አሳደደው፤
የወጣቶች ማዕከል በረንዳ አስጠጋው።
ውስጥ ልጆች ቴአትር ያጠናሉ።
ኢክራም የምትባል፣ ፀጉሯን በእርሳስ የወጋች፣
«ጋሼ፣ ዳኛ የሚሆነን ልጅ ቀረብን፣ ይሆኑልናል?» አለች።
«ዳኛ አልሆንም» አላት፣ «ዳኞችን አውቃለሁ።
ከበር የሚቆም ሰው ካላችሁ፣ እሱን እሆናለሁ።»
በድርሰቱ አልነበረም። ጻፉለት።
አንድ መስመር።
አንድ መስመር፣ ለስልሳ አንድ ዓመት።

መጀመሪያ ሲጣራ የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤
ኢክራም ጆሮዋን ይዛ «ጋሼ፣ እዚሁ ነን እኮ» አለችው።
ለመጮኽ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የፈጀ ሰው
ማንሾካሾክ ለመማር ሁለት ክረምት ፈጀበት።

ልጁ ከአጋሮ ደወለ፦ «አባባ፣ ሰው ምን ይላል?»
«ሰውማ» አለው፣ «ትኬቱን ገዝቶ፣ አልቅሶ ይመለሳል።»

የመጀመሪያዋ ምሽት፣ ጨዋታው ሲያልቅ፣
ተዋንያንን በስማቸው እየጠሩ ያወጣሉ።
«ዘይኑ አባ ፊጣ!»
ከመጋረጃው ኋላ ቆሟል። አልተንቀሳቀሰም።
«ዘይኑ አባ ፊጣ!»
እኔ ሦስተኛ ረድፍ ነኝ፣ ጃንጥላዬን ጉልበቴ ላይ ይዤ፤
ደንቡን ስለማውቅ አልተጨነቅሁም።
በሦስተኛው
«አቤት!» አለ፤
አዳራሹ ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈረሰ።
ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ምን ያልሆነው አለ፣ አራጣ አበዳሪ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፤
አራት ጊዜ ሞቷል፣ ሉባባ አንዱንም አላየች።
ፊልም ሠሪዎች መጡ ከአዲስ አበባ፤
ሦስት ቀን አጂፕ ጋ አስጠበቁትና ሁለት ደቂቃ ቀረፁት።
ፊልሙ ሲወጣ፣ ከአፉ የሌላ ሰው ድምፅ ይወጣል፤
አነጋገሩ ያገር ቤት ነው ብለው ለውጠውታል።
ፈራሁለት። እሱ ግን ሽንኩርት እየላጠ፦
«መልኬን ወሰዱ፤ ድምፄ ጅማ ቀረ» አለኝ።
ዓይኑ እንባ ነበረው። ሽንኩርት ነው ብያለሁ።

አሁን ስልሳ ዘጠኙ ነው። ቃለ ተውኔቱን በፌስታል ጠቅልሎ
ከጃንጥላዬ ሥር ይመጣል፤ እኔ ይዤለት እሱ ይወጣዋል፣
ሲሳሳት በእግሬ እነካዋለሁ።
ደንበኛ የለኝም፣ ሁሉም ኮምፒውተር ቤት ይሄዳል።
ትናንት ድንገት አቋረጠና፦
«በአዲሱ ቴአትር ማመልከቻ ጸሐፊ አለ» አለኝ፤
«ቃል የለውም። ቁጭ ብሎ መምታት ነው።»
«ሰባ አንዴን ረስተኸዋል?» አልኩት።
«ነጋሽ ወልደ ጻዲቅ!» አለ፣ በዚያ በድሮው ድምፅ፤
ሻይ ቤት የነበሩ ዞረው አዩን።

ማታ ሣጥኑን ከፈትኩ። ሪባኑ ደርቋል፤
«ሀ» ትነክሳለች፣ «መ» ጭራሽ አትመታም።
ዛሬ ጠዋት፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ደግሞ ጠራኝ።
ገና ሁለቴ ነው።